ቢሮውን በገመድ ማሰር

[የአንድ ትንሽ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ኅትመት ክፍል። ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አጠገቡ የቢሮው ብቸኛ ፕሪንተር፣ ጠረጴዛው ላይ ገና ከካርቶኑ የወጣ ራውተር። ከግድግዳው ቀዳዳ ከየክፍሉ የመጡ ገመዶች እንደተፈታ ሹሩባ ተንዠርግገዋል። ኢንጂነር የኅትመት ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ኢንጂነር ብሎ የሰየመው ትምህርት ቤት ሳይሆን ራሱ ነው። እትዬ የቢሮው ተላላኪና የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። አንገቷ ላይ በክር ፍላሽ አንጠልጥላለች፤ ከየክፍሉ የሚታተመውን ሁሉ በዚያ እየያዘች ወደ ኢንጂነር የምታመላልሰው እሷ ናት።]

እትዬ፦ እኔ ምን አገባኝ። ቢጫው ገመድ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ቢገባ አይሻልም ወይ ነው ያልኩት።

ኢንጂነር፦ እትዬ፣ መጋረጃ አይደለም እኮ ከሶፋ ጋር የምናስማማው።

እትዬ፦ ታዲያ የሠራው ሰውዬ ለምንድነው አንዱን ብቻ ለይቶ ቢጫ የቀባው? አራቱ ጥቁር ናቸው።

ኢንጂነር፦ ጥቁሩ ቀለም አልቆበት ይሆናላ። ገመድ ገመድ ነው፤ ቀዳዳም ቀዳዳ ነው። ኢንተርኔት ቀለም አይመርጥም።

እትዬ፦ እሺ። አንተ ታውቃለህ።

ኢንጂነር፦ አውቃለሁ። አሁን ከውጭ የገባውን ገመድ አቀብዪኝ፣ ኢንተርኔቱ የሚመጣበትን።

እትዬ፦ ከነዚህ ሁሉ የቱ ነው?

ኢንጂነር፦ ቢጫው ነዋ።

እትዬ፦ [እያቀበለችው] ለካ ቀለም ለመጥሪያ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

[ኢንጂነር ቢጫውን ገመድ ከጥቁሮቹ ቀዳዳዎች ባንዱ ይሰካዋል።]

ኢንጂነር፦ ቀጭ ሲል ሰማሽ? ቀጭ ካለ ወዲያ ጭቅጭቅ የለም። አለቃ ባለሙያ እንጥራ ስትል ምን አልኳት መሰለሽ? ሰው ግቢው ውስጥ ምንጭ እያለው ውኃ ይገዛል ወይ አልኳት። ዝም አለች።

እትዬ፦ ተስማምተው ነው ወይስ ደክሟቸው?

ኢንጂነር፦ ተስማምታ። እስከ ምሳ ጨርሰው አለችኝ። ከምሳ በኋላ እንግዲህ የኔትወርክ ኃላፊ የሚባል ቦታ ሳይከፈት አይቀርም። በአፏ አልነገረችኝም፤ ከፊቷ ነው ያነበብኩት።

እትዬ፦ ከፊታቸው ሌላስ ምን አነበብክ?

ኢንጂነር፦ [ጉሮሮውን ይጠርጋል] እሱን እንኳ ማታ፣ እህትሽ ባለችበት፣ ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር።

እትዬ፦ ማታ እናንተ ቤት አልመጣም። አሁን ንገረኝ።

ኢንጂነር፦ ከሒሳብ ሹሟ ጋር ሲያወሩ እኔ በኮሪደሩ ሳልፍ...

እትዬ፦ ጆሮህን በሩ ላይ አስደግፈህ ስታልፍ።

ኢንጂነር፦ ገመዱ ከተዘረጋ አንድ ሰው ይተርፈናል አለች። አንድ ሰው። እንግዲህ ፍላሽ አንጠልጥሎ ከክፍል ክፍል የሚዞር ሰው ደግሞ... እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።

እትዬ፦ [ፍላሹን በእጇ ትጨብጣለች] አልጠራህም። እግሬን ብቻ ነው የጠራኸው።

ኢንጂነር፦ አትዘኚ። ዕድገት ነው። መኪና ሲመጣ የጋሪ ፈረስ አላለቀሰም።

እትዬ፦ ፈረሱን ማን ጠይቆት።

ኢንጂነር፦ በዚያ ላይ ሜዳ ላይ አትወድቂም። ለእህትሽ ነግሬያታለሁ። ሥራ እስክታገኚ ሳሎናችን ውስጥ ማደር ትችላላችሁ ብያለሁ፣ አንቺም ልጅሽም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ሶፋ ላይ ግን አይደለም።

እትዬ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ትምህርቷን ልትጨርስ ይህቺ ዓመት ብቻ ነበር የቀረቻት። ይህቺን ዓመት ብቻ ብታስጨርሰኝ ይሄ ፍላሽ፣ ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ አውልቄ እሰጣቸው ነበር።

ኢንጂነር፦ ይገባኛል። አሁን ያንን ካርቶን አንሺልኝ፣ ውስጡ የራውተሩ መሰኪያ አለ።

እትዬ፦ የራሴን መውጫ እኔው ላቀብልህ ማለት ነው።

ኢንጂነር፦ ማን ያቀብል ታዲያ? ተላላኪዋ አንቺ ነሽ።

[እትዬ መሰኪያውን ይዛ የመብራት ማከፋፈያ ዲቫይደሩን ታያለች። ሞልቷል።]

እትዬ፦ ቦታ የለውም። የቱን ልንቀል?

ኢንጂነር፦ አንዱን ንቀዪ። ይሄን ሁሉ እየጠየቅሽ...

[ትነቅላለች። የኢንጂነር ኮምፒውተር ድርግም ይላል።]

ኢንጂነር፦ የኔን ነቀልሽው እኮ።

እትዬ፦ ገመድ ገመድ ነው ስትል።

ኢንጂነር፦ ሌላ ንቀዪ፣ የኔን መልሺ። የስልክሽን ቻርጀር ንቀዪ። [ግንባሩን ያሻል] እትዬ፣ ይሄ ራውተር ምን እንደሆነ አስረድቼሽ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ ባልተሳሳትሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያውቅ ይመስለኛል። ስሚኝ። በዘመድ መሀል አንዲት አክስት አትጠፋም አይደል? የዚህን ቤት ለዚያ፣ የዚያን ቤት ለዚህ የምታደርስ። ማን ለማን ምን እንዳለ በሷ በኩል ሳያልፍ የማይሄድ። ራውተር ማለት እሷ ናት።

እትዬ፦ እሷማ እኔ ነኝ እኮ።

ኢንጂነር፦ አንቺ በእግርሽ ነው፤ እሱ በመብራት ነው። አንቺ ደረጃ ላይ ትተነፍሻለሽ። እሱ አይተነፍስም።

እትዬ፦ ምሳም አይበላም አትለኝም?

ኢንጂነር፦ ምሳም አይበላም። ቁምነገሩ ገባሽ ማለት ነው። በይ አሁን እነዚህ ግራጫ ገመዶች የቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሂጂና በየክፍሉ አንድ አንድ ጊዜ ጎተት አድርጊ፤ እኔ እዚህ ሆኜ የሚንቀሳቀሰውን አያለሁ።

እትዬ፦ እግሬን ጡረታ ለማውጣት በእግሬ ልሂድ።

ኢንጂነር፦ ስንብት በዪው።

[እትዬ ትወጣለች። አንድ ገመድ ይንቀሳቀሳል፤ ኢንጂነር ጫፉን ይይዛል። ሌላው ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ከወዲያኛው ክፍል ግን አንድ ዕቃ ወድቆ ሲከሰከስ ይሰማል። እትዬ ትመለሳለች።]

ኢንጂነር፦ የአለቃ ገመድ አልተንቀሳቀሰም። ምኑን ነው የጎተትሽው?

እትዬ፦ ግራጫ ያልከውን ነዋ። የጠረጴዛ ስልካቸው ገመድ ነው መሰለኝ። ከደንበኛ ጋር እያወሩ ነበር። አሁን አያወሩም።

ኢንጂነር፦ ምን አለች?

እትዬ፦ ማን ላከሽ አሉኝ፤ ኢንጂነር አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና ስልኩን መልሼ እንድሰካው ነገሩኝ። ሒሳብ ሹሟ ደግሞ ገመዷን ስጎትት በጫማዋ ቆማበት ነበርና ልትወድቅ ነበር። ይሄ ሰውዬ ቢሮውን በገመድ ሊያገናኝ ነው ወይስ ሊያንቀን ነው ስትል ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ።

ኢንጂነር፦ ይሳቁ። ሥራ ሲጀመር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሄ የቀረው የአለቃ ነው ማለት ነው። [ዞሮ ያያታል] ቆይ፣ የሱን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ደፍነሽ የያዝሽው ምን ብለሽ ነው?

እትዬ፦ እንዳይፈስ ነዋ። ኢንተርኔቱ ገብቷል አላልክም?

ኢንጂነር፦ [ጠረጴዛውን ይዞ ይስቃል] ወይ እትዬ። እነሆ፣ አለቃ ገመድ የምትዘረጋው ከዚህ ለመገላገል ነው። ልቀቂው፣ አይፈስም።

እትዬ፦ እኔ ምኑን አውቄ። ክፍሉን እንዳያርስብኝ ነው የፈራሁት።

[ኢንጂነር ገመዶቹን በየተራ ይሰካል።]

ኢንጂነር፦ ከውጭ የመጣው፣ የሒሳብ፣ የስምሪት፣ ይሄ ደግሞ ለፕሪንተሩ የተዘረጋው። ጥቁሮቹ ሞሉ። የአለቃን ያችው የቀረችው ቢጫዋ ውስጥ። አለቃ ናት፣ ለየት ያለ ቀዳዳ ይገባታል።

እትዬ፦ ያንተ ኮምፒውተርስ?

ኢንጂነር፦ [ራውተሩን አገላብጦ ያያል፤ ሌላ ቀዳዳ የለም] የኔ በኋላ ይታሰብበታል። ኃላፊ ሰው መጨረሻ ነው የሚቆርሰው።

[ራውተሩ ላይ መብራቶች ይበራሉ። አንዱ ቀይ ነው።]

እትዬ፦ አንዱ ቀልቷል።

ኢንጂነር፦ እየሞቀ ነው። ምድጃም ሲሞቅ ይቀላል።

እትዬ፦ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ኢንጂነር፦ እንደ ምድጃው ነው።

[ይጠብቃሉ። ቀዩ አይለወጥም። እትዬ በዚህ መሀል ከጥግ ላይ ነጠላ ጫማዋን፣ ጃንጥላዋንና የውኃ ኩባያዋን እያነሳች አንድ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ ታስገባለች። በሩ ይንኳኳል።]

እትዬ፦ ሾፌሩ ነው። የጭነት ወረቀቱ ካልታተመለት መኪናውን ከግቢ አያስወጡለትም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።

ኢንጂነር፦ ማሽኑ እያረፈ ነው በዪው።

እትዬ፦ ትናንትም እያረፈ ነው ብለኸው ነበር። ፍላሹን ሰካ አድርገህ ብታወጣለት ምናለበት? ይኸው አንገቴ ላይ ነው ያለው።

ኢንጂነር፦ እትዬ፣ ሰው ወረቀቱን ቶሎ ካገኘ ዋጋውን አያውቅም። ትንሽ ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ኢንጂነር እንደምን አደርክ፣ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ ብሎ ነው የሚወስደው። ይሄን ሥርዓት ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ስመጣ ፍላሻቸውን እየወረወሩ ነበር የሚሄዱት።

እትዬ፦ አሁንማ እኔን አልፈው፣ አንተን ለምነው፣ ቫይረስ አለው ስትላቸው ደግሞ እንደ አዲስ ለምነው ነው።

ኢንጂነር፦ ይሄም ያልፋል። ከነገ ጀምሮ ይህን በር የሚያንኳኳ የለም። ስምሪት ክፍል ሆነው ይጫናሉ፣ ወረቀቱ ይወጣል። ፍላሽ የለ፣ አንቺ የለሽ፣ ልመና የለ።

እትዬ፦ ለነሱስ ጥሩ ነው።

[በበሩ ሽንቁር ለሾፌሩ ትንሽ ታገሥ ብላ ትመለሳለች። መብራቱ አሁንም ቀይ ነው።]

እትዬ፦ ኢንጂነር፣ ምድጃ ቢሆን ወጡ እስካሁን ያርር ነበር።

ኢንጂነር፦ ከኛ አይደለም። ከአቅራቢዎቹ ነው። ገመዳቸው ሞቷል።

[ኢንተርኔት ወደሚያቀርበው ድርጅት ይደውላል። አንዲት ልጅ ታነሳለች። መስመራችሁ ሞቷል ብሎ ይጀምራል፤ ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ስትጠይቀው በየመሀሉ ይገባኛል፣ ሙያዬ ነው ይላታል። ከዚያ ፊቱ ይለወጣል።]

ኢንጂነር፦ [በስልክ] ከሌሎቹ ተለይቶ የቆመው ቀዳዳ? እንዴ፣ እሱማ ጠዋት ነው ያስገባሁት። [እትዬን በእግሩ ይጎስማትና በአገጩ ቢጫውን ቀዳዳ ያሳያታል። አይገባትም። ደግሞ ይጎስማታል።] አዎ፣ ቢጫው ውስጥ። ሌላ ቦታ ምን ይሠራል ብለሽ ነው። ሕፃን አይደለሁም እኮ።

[እትዬ የአለቃን ገመድ ከቢጫው ነቅላ ከውጭ ከመጣው ገመድ ጋር ታቀያይራቸዋለች። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል።]

ኢንጂነር፦ [በስልክ] መጣ። አዎ፣ አሁን መጣ። ከናንተ በኩል ነበር ማለት ነው። ለወደፊቱ ጠንቀቅ በሉ፣ እሺ። [ይዘጋል] አስተካከሉት።

እትዬ፦ እነሱ ናቸው ያስተካከሉት?

ኢንጂነር፦ ታዲያ ማን ነው?

እትዬ፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ቀይ ሲሆን ሞቀ አልከኝ፤ አረንጓዴ ሲሆንስ?

ኢንጂነር፦ በሰለ።

እትዬ፦ ቲማቲም እንኳ በተገላቢጦሽ ነበር።

ኢንጂነር፦ አሁን ፕሪንተሩ። ይሄን ከኔ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን አጭር ገመድ ንቀዪና ከራውተሩ የመጣውን ስኪበት።

እትዬ፦ ከአንተ ላይ ልንቀለው?

ኢንጂነር፦ ንቀዪዋ። ከኔ ጋር እንደታሰረ ይቅር ልትዪ ነው? የኔ ብቻ እንደሆነ ሊኖር አይችልም፤ የሁሉም መሆን አለበት።

እትዬ፦ [እየነቀለች] ከስንት ዘመን በኋላ ተፋታችሁ ማለት ነው።

ኢንጂነር፦ በስምምነት። አሁን እኔ በየክፍሉ ገብቼ ኮምፒውተሮቻቸውን ከፕሪንተሩ ጋር ላስተዋውቅ። ማንም ምንም እንዳይነካ።

[ክራቫቱን አስተካክሎ ይወጣል። እትዬ ፍላሹን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ክሩን ግን ፈትታ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ኢንጂነር ፊቱ በርቶ ይመለሳል።]

ኢንጂነር፦ ሦስቱንም ክፍል ጨረስኩ። አለቃን ራሷን አስተማርኳት። አንዷን ቁልፍ ይጫኑ አልኳት፣ ሌላ ምንም የለውም። ይሄው ነው ወይ አለችኝ። ይሄው ነው አልኳት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄ ነበር ወይ ብላ ደነገጠች። ሒሳብ ሹሟ ደግሞ አጨበጨበች። የስምሪቱ ሰውዬ እንባው መጣ። ከደስታ ነው።

እትዬ፦ ደስ ይበላቸው። እኔ ልሂድ ወይስ ይነግሩኛል?

ኢንጂነር፦ ይነግሩሻል፣ አትቸኩዪ። ይሄን አይተሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው፣ ለልጅሽ ታወሪላታለሽ።

[ማንም ሳይነካው ፕሪንተሩ ያጓራል። ወረቀት ያወጣል፣ ደግሞ ያወጣል።]

ኢንጂነር፦ እጄ የት ነው ያለው?

እትዬ፦ ኪስህ ውስጥ።

ኢንጂነር፦ ኪሴ ውስጥ ነው። እሱ ግን እየሠራ ነው። እዚህ ሰው ባይኖርም ይሠራል። እኔ ብሞት እንኳ ይሠራል።

እትዬ፦ ክፉ አታውራ።

[የጠረጴዛው ስልክ ይጮሃል። ኢንጂነር ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ያነሳል።]

ኢንጂነር፦ [በስልክ] አቤት አለቃዬ። ወጣልዎት? ... እኔው ነኝ፣ ብቻዬን። እትዬ ገመድ ከመያዝ በስተቀር ምንም አልሠራችም። ... አይ፣ እዚህ ማንም መጫን የለበትም፤ በራሱ ነው። ... ወረቀት ሲያልቅበት? እሱን ማንም መንገደኛ ይጨምረዋል። ... ቀለሙም ያው ነው፣ ከፍቶ ማስገባት ነው። ... ኧረ ምንም ሙያ አይጠይቅም። ... የግድ እዚህ መሆን የለበትም፣ ኮሪደር ላይም ቢያቆሙት ይሠራል። እንዲያውም ኮሪደር ይሻለዋል፣ አየር ያገኛል። ... ይህቺ ክፍልማ ባዶዋን ትቀራለች። ... የሾፌሮች ማረፊያ? በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም ሳስበው ነበር። ... ማን? ... አይ፣ እኔ እንኳ እዚህ የምሠራው... የምሠራው እንግዲህ... [ራውተሩን ያያል። ፕሪንተሩ አንድ ወረቀት ያወጣል።] በር ላይ? ... የዋናው ግቢ በር? ... ዛሬ ከሰዓት። ... አይ፣ ገባኝ። ... እሺ። እነግራታለሁ።

[ስልኩን ያስቀምጣል። ኮቱን ይፈታል።]

እትዬ፦ በል ንገረኝ። ቦርሳዬ ዝግጁ ነው።

ኢንጂነር፦ የሾፌሩን ወረቀት አድርሺለት አሉ።

እትዬ፦ እሱን አድርሼ ልሂድ?

ኢንጂነር፦ እሱን አድርሰሽ የሒሳብን ታደርሻለሽ። ከዚያ የሳቸውን። አሁን ሁሉም ከየክፍሉ ስለሚያትም ወረቀቱ ድሮ ከሚወጣው እጥፍ ይሆናል፣ ተነሥቶ የሚያነሳ ደግሞ የለም አሉ። ነገም ትመጪያለሽ። ከነገ ወዲያም።

[እትዬ ቦርሳዋን ታያለች። ነጠላ ጫማዋን ከውስጡ አውጥታ ወደ ጥጉ ትመልሳለች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ወደ ኢንጂነር ትዞራለች።]

እትዬ፦ አንተስ?

ኢንጂነር፦ በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ መኪኖችን የሚያይ ሰው ጠፍቶ ነበር አሉ። ቴክኒክ ስለምታውቅ አንተ ትሻላለህ አሉኝ።

እትዬ፦ ሰንሰለቱን የሚያነሳና የሚጥለው ሰውዬ ነው?

ኢንጂነር፦ እሱ።

እትዬ፦ ፀሐይ አለው እንጂ ጥሩ ነው። አየር ታገኛለህ።

ኢንጂነር፦ እትዬ፣ ይሄን ገመድ አይተሽዋል? መሬት ላይ ነው ያለው። ወረቀት ይዞ የሚመላለስ ሰው ሳያስበው ቢያደናቅፈው... ቢነቀል... ማን ይፈርዳል? ያኔ ወደ ፍላሹ እንመለሳለን። ወደ ድሯችን።

እትዬ፦ አይሆንም። እግሬ እንጀራዬ ነው። በእንጀራዬ አልቀልድም።

ኢንጂነር፦ ለእህትሽ ብለሽ።

እትዬ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲሉ እሰማ ነበር። ራስ ሲመለጥ አይቻለሁ። አፍ ሲያመልጥ እንደዚህ ቆሜ ስሰማ ግን ዛሬ ገና ነው።

[ከፕሪንተሩ ላይ ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ በመዳፏ ደልድላ፣ ወደ በሩ ትሄዳለች። ኢንጂነር ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጧል፤ መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጧል። እትዬ በሩን ከፍታ ወደ ኋላ ታየዋለች።]

እትዬ፦ ይሄ ሾፌር ጠዋት የመጣ ነው፤ እግሩ አብጧል። ወረቀቱን ሰጥቼው ወንበሩን ልወስድለት እመለሳለሁ። አንተ እስከዚያ ቆመህ ልመድ።